«ነገ እጀምራለሁ»፦ ስንፍና ነው ወይስ የልብ ሽሽት?

በተማሪ አፍ እንደ «ነገ» የሚወደድ ቃል ጥቂት ነው። ዛሬ የደከመው ነገ ይበረታል፤ ዛሬ የተዘበራረቀው ነገ ይስተካከላል፤ ዛሬ ያልተከፈተው መጽሐፍ ነገ ከሱብሂ በኋላ ይከፈታል። ነገ ግን ሲመጣ ስሙን ለውጦ «ዛሬ» ሆኖ ይመጣልና ያ ሁሉ ተስፋ ለሌላ ነገ ይተላለፋል። መስከረም እንዲህ እያለ ጥር ይሆናል፤ ጥርም ግንቦት ይሆናል። ፈተናው ደጃፍ ላይ ሲደርስ ተማሪው በአንድ ሳምንት የአንድ ዓመት ዕዳ ሊከፍል ይቀመጣል።

ስለ ሰነፍ ተማሪ ብዙ ተብሏል። ይህ ጽሑፍ ግን መማር ስለማይፈልገው ልጅ አይደለም። መማር ስለሚፈልገው፣ የትምህርትን ጥቅም ስለሚያውቀው፣ ቤተሰቡ የከፈለለትን ዋጋ ስለሚረዳው፣ ማታ ሲተኛ «ነገ በእርግጥ እጀምራለሁ» ብሎ ከልቡ ስለሚወስነውና ሲነጋ ግን ስለማይጀምረው ልጅ ነው። ጥያቄያችንም ይህ ነው፦ እንዲህ ያለው ሰው ጥፋተኛ ነውን? ከሆነስ ጥፋቱ የት ላይ ነው? በማዘግየቱ ነው? በመፍራቱ ነው? ወይስ ለራሱ በሚነግረው ቃል ነው?

ነገሩ መሬት እንዲይዝልን በከተማችን ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ በሰቃ የሚኖር አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። ስም አንሰጠውም፤ የብዙዎቻችን ቤት ልጅ ነውና። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ ክፍል ቴሌቪዥን፣ እንግዳና ታናናሾቹ የሚውሉበት ነው። ሊገባበት የሚመኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሩቅ አገር አይደለም፤ እዚያው ክፍለ ከተማ ውስጥ ቂሊንጦ ነው ያለው። ልጁ የሚመኘውን ያውቃል፤ መንገዱንም ያውቃል። የማያውቀው ነገር ቢኖር መጽሐፉን ለመክፈት እጁ ለምን እንደሚከብደው ነው።

ቁጥሮቹ የሚሉትና የማይሉት

የ2014 ዓ.ል. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው የተፈተኑበት የመጀመሪያው ፈተና ነበር። ውጤቱ በጥር 2015 ይፋ ሲሆን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ማሳለፍ አልቻሉም። የ2015 ተፈታኞች ውጤት 3.2 በመቶ፣ የ2016ቱ 5.4 በመቶ፣ የ2017ቱ ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ።

እነዚህን ቁጥሮች ይዞ «የዘመኑ ልጆች ሰነፎች ናቸው» ማለት ቀላል ነው። ፍትሕ ግን አይደለም። ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ ካላሳለፉ፣ በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ያሉት ሁሉ ሰነፎች ናቸው ብሎ የሚያምን ሰው ስለ ልጆቹ ሳይሆን ስለ ራሱ አስተሳሰብ ነው የሚነግረን። የመምህር እጥረት፣ የመጽሐፍ እጥረት፣ ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ሳይገባው ሲያልፍ የኖረ ተማሪ፣ ኩረጃ እንደ ሙያ የተቆጠረበት ዘመን፣ ይህ ሁሉ በአንድ ላይ ነው የተመዘነው።

ቁጥሮቹ ለእኛ ጉዳይ የሚነግሩን አንድ ነገር ግን አለ። ያ የአቃቂው ልጅ መጽሐፉን ሊከፍት ሲቀመጥ ከመጽሐፉ ጋር አብሮ የሚከፈተው ይህ ቁጥር ነው። ከመቶ ተፈታኝ ዘጠና ሰባቱ የወደቁበትን ፈተና ያስባል። ታላቅ ወንድሙን ወይም የጎረቤቱን ልጅ ያስባል። ሒሳቡን ሲያየው ችግሩ የ12ኛ ክፍል ሒሳብ ሳይሆን የ8ኛ ክፍል ሒሳብ መሆኑ ይገባዋል። ያን ጊዜ መጽሐፉን ይዘጋና «ነገ» ይላል።

የፋብሪካ ሰዓትና የተማሪ ሰዓት

አቃቂ የፋብሪካ ሠፈር ነው። ከጨርቃ ጨርቁ እስከ ብረታ ብረቱ ብዙ አባቶችና እናቶች ኑሯቸውን በሽፍት መርተውበታል። በሽፍት የኖረ አባት ልጁን እንዲህ ቢለው አይፈረድበትም፦ «ልጄ፣ እኔ በአንተ ዕድሜ ሌሊት ቆሜ እሠራ ነበር። አንተ ተቀምጠህ ማንበብ አቃተህ?»

አባትየው እውነት አለው። ሆኖም አንድ ነገር አምልጦታል። የእርሱ ሰዓት በሌላ ሰው እጅ ነበር። መግቢያው ይታወቃል፤ ማርፈድ ከደመወዝ ያስቆርጣል፤ ማሽኑ ከተነሳ ሠራተኛው «ዛሬ ስሜቱ የለኝም» ሊለው አይችልም። የሥራው ፍሬም በወሩ መጨረሻ ይታያል። የልጁ ሰዓት ግን በገዛ እጁ ነው። ዛሬ ባያነብ ዛሬ የሚቆረጥበት ነገር የለም፤ ቅጣቱ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው። ዛሬ ቢያነብም ዛሬ የሚከፈለው የለም። ራሱ አሠሪ፣ ራሱ ሠራተኛ፣ ራሱ ተቆጣጣሪ ነው። ይህ ከአባትየው ሥራ ይቀላል ማለት አይደለም፤ ይከብዳል ማለትም አይደለም። የተለየ ዓይነት ፈተና ነው ማለት ነው።

ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። ሰነፍ የምንለው ሥራ የማይወደውን ሰው ነው። ይህ ልጅ ግን «ሒሳብ አጥና» የተባለ ዕለት ቤት ይጠርጋል፤ ልብሱን ያጥባል፤ ሳይላክ ሱቅ ይሄዳል፤ ደብተሩን በቀለም እያሰመረ የጥናት ፕሮግራም ያወጣል። ከሒሳቡ በስተቀር ሁሉንም ይሠራል። ይህ ስንፍና ከሆነ በጣም ሥራ የሚወድ ስንፍና ነው! እውነቱን ለመናገር ልጁ ከድካም አይደለም የሚሸሸው። የሚሸሸው መጽሐፉ ሲከፈት ከሚሰማው ጭንቀት ነው። አለማወቁን በገዛ ዓይኑ ከማየት ነው የሚሸሸው። መጽሐፉ እስካልተከፈተ ድረስ «ባጠና ኖሮ እችል ነበር» የሚለው መጽናኛ አብሮት ይኖራል። ከፍቶት ቢያቅተው ግን መጽናኛውም ይሄዳል። ስለዚህ ሳያውቀው ተስፋውን በመዝጋት የሚጠብቅ ሰው ሆኗል።

ዕውቀት ብቻውን አያድንም

ይህ የአላዋቂዎች በሽታ የሚመስለው ካለ ወደ ኢማሙ አል-ገዛሊ ታሪክ ይመለስ። አል-ገዛሊ በ484 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1091) በባግዳድ የኒዛሚያ መድረሳ ዋና መምህር ሆነው ተሾሙ። በዘመኑ ከዚያ በላይ የሚከበር የማስተማር ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ488 ዓመተ ሂጅራ፣ ይህን ሁሉ ክብር ትተው ነፍሳቸውን ለማጥራት መውጣት እንዳለባቸው ተረዱ። ተረዱ እንጂ አልወጡም። ከረጀብ ወር ጀምሮ ስድስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ሲያመነቱ እንደቆዩ «አል-ሙንቂዝ ሚነ-ድ-ደላል» በተሰኘው መጽሐፋቸው ራሳቸው ተርከውታል። ጠዋት ቆርጠው የወሰኑት ማታ ይፈርስ ነበር። በመጨረሻ አንደበታቸው ተያዘ፤ ማስተማር አቃታቸው፤ ምግብ አልወርድ አላቸው፤ ሐኪሞችም ተስፋ ቆረጡ። ከባግዳድ የወጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ በዚያው ዓመት በዙል-ቀዕዳ ወር ነበር።

ከዚህ የምንማረው ብዙ ነው። አል-ገዛሊ ስለ ጊዜ ዋጋ የሚመክራቸው ሰው አላስፈለጋቸውም፤ ሌላውን የሚመክሩት እርሳቸው ነበሩ። ዕውቀት አልጎደላቸውም። «ተስዊፍ» የሚባለውን፣ ማለትም መልካም ሥራን «ወደፊት እሠራዋለሁ» እያሉ የማቆየትን በሽታ፣ ከእርሳቸው አብልጦ የሚያብራራ አልነበረም። ሆኖም ማወቅና መነሳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆኑባቸው። እንግዲህ በአቃቂ አንዲት ክፍል ውስጥ የተቀመጠውን ልጅ «የጊዜን ጥቅም አታውቅም» ብለን ብንገስጸው ምን እንጨምርለታለን? ያውቃል። ማወቁ ራሱ ነው የሚያሰቃየው።

የአል-ገዛሊ መፍትሔም ልብ ሊባል ይገባዋል። አቅማቸው ማለቁን ሲያዩ ወደ አላህ (ሱ.ወ.) ተጠጉ፤ ከዚያም ክብሩን፣ ገንዘቡንና ወገኑን መተው እንደቀለለላቸው ይናገራሉ። ግን በዚህ አላበቁም፤ ከተማዋን ለቀው ወጡ። ዱዓቸው እግራቸውን አላሰረም፤ አንቀሳቀሰው እንጂ።

ማዘግየት ሁሉ ኃጢአት ነውን?

እዚህ ላይ አንዳንዱ ሊል ይችላል፦ «ልጁ ፈርቶ ከሆነ፣ ታላላቆችም ይህ ከደረሰባቸው፣ ምን ጥፋት አለበት? ተዉት።» ይህም ስህተት ነው። ሰውን ሰነፍ ብሎ መስበር አንድ ስህተት ነው፤ አቅመ ቢስ ብሎ ነፃ ማውጣት ደግሞ ሌላ ስህተት ነው። የመጀመሪያው ተስፋውን ይነጥቀዋል፤ ሁለተኛው ኃላፊነቱን። ኃላፊነት የሌለበት ሰው ደግሞ መለወጥም አይችልም።

የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ለዚህ ጥያቄ የሚረዳ ሚዛን ትተውልናል። ግዴታዎችን ጊዜያቸው ሰፊ የሆኑና ጊዜያቸው ጠባብ የሆኑ ብለው ከፍለዋቸዋል፤ «ሙወሰዕ» እና «ሙደየቅ» ይሏቸዋል። የዙህር ሶላት ወቅት ፀሐይ ከአናት ዘንበል ካለችበት ጀምሮ እስከ አስር መግቢያ ድረስ ይዘልቃል። በወቅቱ መጀመሪያ መስገድ የበለጠ ነው፤ በመካከሉ የሰገደ ግን ኃጢአተኛ አይባልም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በረመዳን ያለፋቸውን ጾም እስከ ሸዕባን ወር አቆይተው ቀዷ ያወጡ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ስለዚህ ማዘግየት በራሱ ወንጀል አይደለም።

ነገር ግን ሁለት ገደብ አለው። አንደኛ፣ በሰፊው ጊዜ ውስጥ የሚያዘገይ ሰው ወቅቱ ሳያልፍ ለመፈጸም ቁርጥ ውሳኔ ሊኖረው እንደሚገባ ብዙ የኡሱል ሊቃውንት ተናግረዋል። ሁለተኛ፣ ባዘገየ ጊዜ እንደማይደርስበት የገመተ ሰው ሰፊው ጊዜ በእርሱ ላይ ይጠብበታል። ወቅቱ ለሌላው ገና ሰፊ ቢሆንም ለእርሱ ግን አልቋል።

ይህን ሚዛን ወደ ልጃችን እናምጣው። በመስከረም ወር ቅዳሜ ከሰዓት ኳስ ቢጫወት ማን ይከሰዋል? ጊዜው ሰፊ ነው። ዕረፍት ያስፈልገዋል፤ ወንድሞቹን መርዳት ያስፈልገዋል፤ መጫወትም ያስፈልገዋል። ነገር ግን ራሱን ያውቃል። ባለፈው ዓመት «ከጥር ጀምሮ» ብሎ እንዳልጀመረ ያውቃል። ካቻምናም እንዲሁ። ልማዱን የሚያውቅ ሰው «በግንቦት እደርስበታለሁ» ቢል ግምቱ ራሱ ይመሰክርበታል። ለጓደኛው ሰፊ የሆነው ኅዳር ለእርሱ ጠባብ ነው። ጥፋቱ በዚህ ቦታ ይጀምራል፤ የማይደርስበትን ነገር «እደርስበታለሁ» ብሎ ለራሱ ሲናገርና የተናገረውንም ላለመመርመር ፊቱን ሲያዞር።

የሌላ ሰው ሐቅም አለበት። እናቱ ከጉልት የምታመጣው ገንዘብ፣ ለእርሱ መማሪያ ስትል ያልገዛችው ልብስ፣ ታናሽ እህቱ እርሱ እንዲያጠና ብላ የሠራችለት ሥራ፣ ይህ ሁሉ በአማና የተሰጠ ነው። ጊዜው የእርሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ «የራሴ ጉዳይ» ማለት ይችል ነበር።

ኒያና ምኞት

«ኒያዬ ጥሩ ነው» ይላል ልጁ። በመካከላችን በጣም የተለመደ ቃል ነው። ሥራዎች በኒያ እንደሚመዘኑ ሁላችንም ከልጅነታችን ሰምተናል። ነገር ግን ኒያ ማለት ምንድነው? የሻፊዒያ ፉቀሃዎች ትርጉሙን ሲያስቀምጡ አንድን ነገር ከመሥራቱ ጋር አያይዞ ማሰብ ነው ይላሉ። ሐሳቡ ከሥራው ከቀደመና ሥራው ከዘገየ ስሙ ኒያ አይደለም፤ «ዐዝም» ነው፤ ማለትም ውሳኔ ነው። በሶላት ላይ ኒያው ከመክፈቻው ተክቢራ ጋር እንዲገናኝ የጠየቁት በዚህ ምክንያት ነው። እጅ ሲነሳ ልብም አብሮ ይነሳል።

እንግዲህ «ነገ እጀምራለሁ» ኒያ አይደለም። ቢበዛ ዐዝም ነው። ዐዝም ደግሞ የታወቀ ሥራና የታወቀ ጊዜ ይፈልጋል። ሁለቱም ከሌሉት ምኞት ብቻ ነው። «ከነገ ጀምሮ ጎበዝ ተማሪ እሆናለሁ» ምኞት ነው። «ነገ ከመግሪብ በኋላ የሒሳብ ሦስት ጥያቄ እሠራለሁ» ዐዝም ነው። ነገ ከመግሪብ በኋላ እስክሪብቶውን አንስቶ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሲጽፍ፣ ያን ጊዜ ኒያ ሆነ። ብዙዎቻችን በምኞት እየኖርን የኒያን ምንዳ የምንጠብቀው እነዚህን ሦስቱን ስለምናደባልቃቸው ነው።

«ኢንሻአላህ» የሚለውንም ቃል እንመልከት። በከተማችን ይህ የተከበረ ቃል ምን ያህል እንደተጎዳ እናውቃለን። ዕዳ የሚጠየቅ ሰው ለመክፈል ሳያስብ «ኢንሻአላህ» ይላል። በቀጠሮ የማይገኝ «ኢንሻአላህ» ይላል። ተማሪውም «ዛሬ ታጠናለህ?» ሲባል «ኢንሻአላህ» ይላል፤ እናቱም አለማለቱ እንደሆነ ይገባታል። የከህፍ ምዕራፍ ነገን ከአላህ ፈቃድ ጋር እንድናያይዝ ያስተማረን የሚሠራው ሰው በጉልበቱ እንዳይመካ ነው። የማይሠራው ሰው እንዲደበቅበት አይደለም። ቃሉን የሚናገር ሰው የበኩሉን አዘጋጅቶ ውጤቱን ለጌታው ይተዋል። የበኩሉን ሳያዘጋጅ የሚናገረው ግን ስንፍናውን በአላህ ስም እየፈረመበት ነው።

ፍላጎትን መጠበቅ

«ፍላጎት የለኝም፤ ፍላጎቱ ሲመጣ አጠናለሁ።» ይህ የዘመናችን ትልቁ አስተሳሰብ ነው። ፍላጎት ቀድሞ እንደሚመጣና ሥራ እንደሚከተለው እናስባለን። የዕለት ተዕለት ሕይወታችን ግን ተቃራኒውን ነው የሚያሳየን። በሐምሌ ብርድ ለሱብሂ የሚነሳ ሰው ሁልጊዜ በፍላጎት ነው የሚነሳው? አይደለም። ውሃው ይበርዳል፤ ብርድ ልብሱ ይሞቃል። ተነስቶ ውዱእ ካደረገ በኋላ ነው ልቡ የሚከፈተው። አዛን «ፍላጎት ያላችሁ ኑ» አይልም። ወቅቱ ደርሷል ይላል። በቀን አምስት ጊዜ በዚህ ሥርዓት የሚሠለጥን ሰው ለመጽሐፍ ሲሆን ብቻ ስሜት እስኪመጣለት መጠበቁ ያስገርማል።

ይህን ባዶ ቦታ ለመሙላት ነው ብዙ ወጣት ወደ ጫት የሚሄደው። «ለጥናት ነው» ይላል። መጀመሪያ ላይ ዓይን ይገለጣል፤ ንቃት ይመጣል፤ ምርቃናው ሲወጣ ደግሞ ሐሳብ ይጎርፋል። በአንድ ከሰዓት ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ ይመረቃል፣ ቤት ይሠራል፣ እናቱን ሐጅ ይልካል። ማታ ሲሆን ግን መጽሐፉ ያው አሥረኛው ገጽ ላይ ነው፤ እንቅልፍ እምቢ ይላል፤ በማግስቱ ዱካክ ነው። የምርቃና ትልቁ ጉዳት ገንዘቡና ጊዜው ብቻ አይደለም። ያልተሠራን ሥራ እንደተሠራ አድርጎ ማጣጣሙ ነው። ስልኩም ከዚህ አይለይም፤ ስለ ጎበዝ ተማሪዎች አጠናን የሚናገር የቲክቶክ ቪዲዮ ሲመለከት ያመሸ ልጅ የተማረ ይመስለዋል።

ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው መፍትሔ ሥራውን ማሳነስ ነው። በአገራችን የደረሳ ሥርዓት ውስጥ ትልቅ ጥበብ አለ። በወሎ በዳናም ሆነ በጀማ ንጉሥ፣ ለውህ ይዞ ሸይኹ ፊት የሚቀርብ ደረሳ ቁርአንን በሙሉ ሐፍዝ አልተባለም። የዛሬዋን ተባለ። የዛሬዋን ካላስመዘገበ ወደ ነገዋ አይሻገርም። ሸይኹ አለ፤ ጓደኛው አለ፤ መጠኑ ይታወቃል። «ነገ» የሚደበቅበት ጥግ የለም። የሠፈራችን ተማሪም ሙሉውን ፈተና ትቶ የዛሬዋን ሦስት ጥያቄ ይያዝ። የ8ኛ ክፍል መጽሐፍ ካስፈለገውም ሳያፍር ይክፈት። መሠረቱ የጎደለ ቤት ጣሪያው ላይ ቢሠራበት አይቆምም።

ሁለተኛው ጊዜን ከታወቀ ምልክት ጋር ማሰር ነው። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ፣ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ ጊዜውንና ቦታውን የወሰነ ሰው በደፈናው «አደርጋለሁ» ካለው ይልቅ ሐሳቡን እንደሚፈጽም አሳይቷል። ሙስሊም ተማሪ ለዚህ አዲስ ምልክት መፈለግ አያሻውም። አምስት ምልክቶች በቀኑ ላይ ተተክለውለታል። ቤቱ ከጠበበው ከአስር ሶላት በኋላ መስጊድ ውስጥ ጥግ ይዞ ሰላሳ ደቂቃ ይቀመጥ። ከአንድ ወንድሙ ጋር ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ይጸናል።

ሦስተኛው የወደቁበትን ቀን በአግባቡ መዝጋት ነው። ብዙ ተማሪ የሚጠፋው በባከነው አንድ ቀን አይደለም፤ ከዚያ ቀን በኋላ በሚመጣው እፍረት ነው። «ሰኞ አላጠናሁም፤ ሳምንቱ ተበላሽቷል፤ ከሚቀጥለው ሰኞ» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በካናዳ የካርልተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ119 የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ለመጀመሪያው ፈተና ጥናታቸውን ካዘገዩት መካከል ራሳቸውን ይቅር ያሉት ለሁለተኛው ፈተና ማዘግየታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ተውባ የምንለው በር ተስፋ መቁረጥን ለመዝጋት የተከፈተ ነው። ልዩነቱ ተውባ ርካሽ አለመሆኑ ነው፤ መጸጸት፣ መተውና ላለመመለስ መወሰን አለበት። «ምንም አይደል» ብሎ ራስን ማባበል ተውባ አይደለም። «ጠፍቻለሁ» ብሎ መቅረትም ተውባ አይደለም።

አንድ ነገር ሳንለይ አንለፍ። ሳምንታትን ያስቆጠረ እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መጥላት፣ ከሰው መሸሽ፣ ከዚህ በፊት የሚወደውን ሁሉ መጥላት ከታየበት ነገሩ የማዘግየት ጉዳይ ላይሆን ይችላል። ሕመም ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ወቀሳም ምክርም ቦታቸው አይደለም። ከዱዓው ጋር ጤና ጣቢያ መሄድ፣ ካስፈለገም ወደ አማኑኤል ሆስፒታል መላክ ነው። መታከም ነውር አይደለም።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለን። ልጅን በየቀኑ «ሰነፍ» ብሎ መጥራት ስም ማውጣት ነው። ስም የወጣለት ልጅ በስሙ ይኖራል። «ለምን አላጠናህም?» ከማለት ይልቅ «የትኛው ነው ያስቸገረህ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ በር ይከፍታል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰበብ ይወልዳል፤ ሁለተኛው እውነት ያወጣል። ማታ ለአንድ ሰዓት ቴሌቪዥኑን መዝጋትም ከብዙ ተግሣጽ ይበልጣል።

ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ፣ ሰነፍ ነህ አንልህም፤ ሰነፍ ነሽም አንልሽም። ንጹሕ ነህ፣ ንጹሕ ነሽም አንልም። መፍራታችሁ ጥፋት አይደለም፤ ፍርሃታችሁን «ነገ» በሚል ስም መጥራታችሁ ግን ጥፋት ነው። ስሙን ከለወጣችሁለት ግማሽ መንገድ ሄዳችኋል፤ የፈራችሁትን አንድ ገጽ ስትከፍቱ ደግሞ ሌላው ግማሽ ይጀመራል። አላህ (ሱ.ወ.) በዐስር ምዕራፍ በጊዜ ምሏል። የተማለበት ጊዜ ደግሞ እየሄደ ያለው ነው፤ በእጃችን ያለው ይኸው ነው።

አላህ ኒያችንን ከሥራችን ጋር የሚያገናኝልን ያድርገን፤ የተማሪዎቻችንንም ልብ ይክፈትልን። አሚን።